ጎረቤት፣ ይዞታና አዲስ ሕንፃ፤ በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የግንባታ ክርክር አመጣጥ

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች፣ ማለትም በአራዳ፣ በልደታ፣ በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎና በመርካቶ ዙሪያ፣ አሮጌ ቤት ፈርሶ አዲስ ሕንፃ በሚነሣበት ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ መታየቱ የቆየ ነገር ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ልማትን በሚደግፉና በሚቃወሙ፣ ወይም ለውጥ በናፈቃቸው ወጣቶችና ትዝታ በያዛቸው አዛውንቶች መካከል እንዳለ ክርክር ተደርጎ ነው። የከተማዋ የመሬትና የቤት ታሪክ ሲመረመር ግን በአንድ የግቢ በር የሚገቡ፣ በአንድ እድር የሚቀባበሩ ሰዎች ስለ አንዱ ሕንፃ የተለያየ አቋም የሚይዙት በአብዛኛው በእጃቸው ያለው ወረቀት የተለያየ በመሆኑ እንደሆነ ይታያል። አንዱ የይዞታ ካርታ፣ አንዱ የቀበሌ የኪራይ ውል ይዟል፤ ሌላው ደግሞ ምንም አልያዘም። እነዚህ ሦስት ሰዎች እንዴት አንድ ግድግዳ እንደተጋሩ ለመረዳት ወደ ከተማዋ አመሠራረት መመለስ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ አነሣሽነት በፍልውሃ አካባቢ ስትቆረቆር አሰፋፈሯ የጦር ሰፈርን ሥርዓት የተከተለ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በጉብታው ላይ ሲቀመጥ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ዙሪያውን በተመሩት ኮረብታ ላይ ግቢያቸውን አበጁ፤ ጭፍራው፣ አሽከሩና የእጅ ሠራተኛው ደግሞ በጌታው ግቢ ሥር በተዳፋቱ ላይ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባሉ የሚጠሩት ቦታዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ አሰፋፈር ሲሆን፣ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የተሰየመው በባለሙያዎቹ ነው። በሰፈርና በሰፈር መካከል የነበረው ወንዝና ገደላማ ቦታ ለጊዜው ባዶ ቢቆይም ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በሰው ተሞላ። በዚህ ምክንያት ባለጠጋውና ድኻው በተለያየ ክፍለ ከተማ ተለያይተው የሚኖሩባት ከተማ ሳትሆን፣ የመኳንንቱ እልፍኝና የጭፍራው ጎጆ በአጥር ብቻ የሚለዩባት ከተማ ተፈጠረች።

እ.ኤ.አ. በ1907 አፄ ምኒልክ የአዲስ አበባን መሬት የሚመለከት ሕግ ሲያወጡ በምሪት የተያዘው ቦታ የሚሸጥ፣ የሚለወጥና የሚወረስ የግል ሀብት ሆነ፤ የውጭ አገር ሰዎችም ቦታ የሚገዙበት መንገድ ተከፈተ። ሕጉ ለባለይዞታው ዋስትና የሰጠውን ያህል፣ በጌታው መልካም ፈቃድ በተዳፋቱ ላይ ለሰፈረው ሰው ግን የሰጠው ወረቀት አልነበረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የከተማዋ መሬት በአመዛኙ በጥቂት ቤተሰቦችና ተቋማት እጅ ሲቆይ፣ ብዙኃኑ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ በለበሰ የኪራይ ቤት ይኖር ነበር። ጎረቤታሞች የጠበቀ ማኅበራዊ ኑሮ ቢኖራቸውም፣ ቦታው ላይ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚፈርስ የሚወስነው ባለርስቱ ብቻ ነበር።

የኢጣልያ ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) ይህን ስብጥር ለማፍረስ የተሞከረበት ጊዜ ነው። ጉይዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን አውሮፓውያንንና አገሬውን ለይቶ ለማስፈር የታቀደ ሲሆን፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያም ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ እንዲመሠረት አድርጓል። አምስቱ ዓመት ዕቅዱን በሙሉ ለመፈጸም ባይበቃም፣ ሰፈርን በሙሉ አንሥቶ ሌላ ቦታ ማስፈር በፕላን ስም ሊደረግ የሚችል ሥራ መሆኑን ለከተማዋ ያስተማረው ይህ ዘመን ነበር። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ አበርክሮምቢ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ከዚያም ሌሎች የውጭ ባለሙያዎች ተከታታይ መሪ ፕላኖችን ቢያዘጋጁም፣ አብዛኞቹ ሰፈሮች እንደነበሩ እየተጨናነቁ ቀጠሉ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለ ጎረቤትና ግንባታ ግልጽ ደንብ ያስቀመጠው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት እንዳያደርስ፣ ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ መጥፎ ሽታው፣ ድምፁና ንቅናቄው ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ድንጋጌው ጉርብትናን የሕግ ግዴታ ያደረገ በመሆኑ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ የሚናገረው በዋነኝነት ባለሀብትን ከባለሀብት ስለሚያገናኝ ነገር ነው፤ በከተማዋ በብዛት ይኖር የነበረው ተከራይ ስለ ሰፈሩ መለወጥ የሚጠየቅበትን መንገድ አላበጀም።

የዛሬው ክርክር ዋና መሠረት የተጣለው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታን በሙሉና ትርፍ ቤትን፣ ማለትም ባለቤቱ ከሚኖርበት ወይም ከሚሠራበት ውጪ ያለውን ቤት፣ የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረውና ለመኖሪያ የሚይዘውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራዩም ለዝቅተኛው ተከራይ የበለጠ እንዲቀነስ ተደረገ። በዚህ ውሳኔ አንድ የቀድሞ ግቢ በብዙ ይዞታ ተከፋፈለ፤ ዋናው ቤት ከባለቤቱ ጋር ሲቀር፣ በስተጓሮ የነበሩት ሰርቪስ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ፣ ትናንት አከራይና ተከራይ የነበሩትም ሰዎች በአንድ ውሃ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ቤት የሚጠቀሙ እኩል ጎረቤቶች ሆኑ።

አዋጁ በግል ማከራየትን ስለከለከለና በከተማው ውስጥ የሚሠራው አዲስ ቤት ከፍላጎቱ ጋር ስላልተመጣጠነ፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ሌላ ቤተሰብን ማስጠጋት እየበዛ ሄደ፤ እንዲህ ተጠግቶ የሚኖረው ሰው ደባል ይባላል። የቀበሌ ተከራይ ያለ ፈቃድ ቤቱን የማደስም የማስፋትም መብት አልነበረውም፤ ቀበሌውም ከሚሰበስበው አነስተኛ ኪራይ ብዙ ቤት የሚያድስበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ጣራው ሲያፈስ ላስቲክ፣ ግድግዳው ሲያዘም ድጋፍ እንጨት እየተደረገ፣ በየመተላለፊያው ማዕድ ቤትና ተቀጥያ ክፍል እየተጨመረ ሰፈሩ ውስጥ ውስጡን ጠበበ። የዚያ ዘመን የግንባታ ጠብ በአመዛኙ በእነዚህ ጭማሪዎች ላይ ነበር፤ መተላለፊያ ዘጋህ፣ የጣራህ ውሃ በእኔ ላይ ወረደ፣ መስኮቴን ጋረድክ የሚሉት አቤቱታዎች በራሱ በአዋጁ በተቋቋመው የቀበሌ የፍርድ ሸንጎ ይታዩ ነበር። በሸንጎው የሚፈርዱት የዚያው ቀበሌ ነዋሪዎች ስለነበሩ፣ ምንም እንኳ ከፖለቲካ ጫና ነጻ ባይሆንም፣ ባለካርታውንና ተከራዩን በጎረቤትነታቸው በአንድ መድረክ ያቆመ ተቋም ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መሬት የመንግሥት ሆኖ ቢቀጥልም የአጠቃቀሙ ዋጋ ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ማለትም ቦታን ለተወሰኑ ዓመታት በክፍያ የመጠቀም ሥርዓት፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች እየተተካ ሲሄድ፣ በመሐል ከተማ ያለ ጥቂት ካሬ ሜትር ለአስተዳደሩ ከፍተኛ ገቢ የሚያስገኝ ሆነ። የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባለው፣ የአንድን ሰፈር መንገድ፣ የሕንፃ ከፍታና የቦታ አጠቃቀም በዝርዝር የሚወስነው ሰነድ፣ ለነባር ሰፈሮች መዘጋጀት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የካዛንቺስ የተወሰነ ክፍል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የልደታ ሰፈር ለመልሶ ማልማት፣ ማለትም አሮጌውን ሰፈር አንሥቶ በአዲስ ፕላን ለመገንባት፣ ፈረሱ።

በልደታ የታየው አካሄድ ለኋለኞቹ ሁሉ አርአያ ስለሆነ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ባለካርታው በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ለቤቱ ካሳ፣ ምትክ ቦታና ለአንድ ዓመት የቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ወይም ጊዜያዊ መኖሪያ የማግኘት መብት ነበረው። የቀበሌ ተከራዩ ቅድሚያ ክፍያ መክፈል ከቻለ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ማለትም ኮንዶሚኒየም፣ በቅድሚያ እንዲገዛ፣ ካልቻለ ደግሞ ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲመርጥ ይደረግ ነበር። ደባሉ ግን በሰነድ ላይ ስላልነበረ በአብዛኛው ከስሌቱ ውጪ ነበር። ፕላኑ ለውይይት ሲቀርብ በአንድ ግቢ የነበሩት ሦስቱ ወገኖች በአንድ ቃል ሊናገሩ ያልቻሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ለብዙ ዓመታት በሚያፈስ ቤት ለኖረችው ተከራይ ከግል መጸዳጃ ቤት ጋር የሚመጣ ኮንዶሚኒየም የዕድሜ ልክ ምኞት ሊሆን ሲችል፣ መንገድ ዳር ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ከፍቶ ለሚተዳደረው ባለካርታ በከተማው ዳርቻ የሚሰጥ ሰፋ ያለ ምትክ ቦታ ገበያውን የሚያሳጣ ነበር፤ ለደባሉ ደግሞ የትኛውም ፕላን ሰፈር አልባ የሚያደርግ ነበር። ማንም በጎረቤቱ ላይ ክፋት ሳያስብ የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት ሆነ።

መርካቶ የሄደበት መንገድ ግን ለየት ይላል። በገበያው ያሉ ነጋዴዎች ቦታቸው ለትልልቅ ገንቢዎች በጨረታ ሊተላለፍ ነው የሚል ሥጋት ባደረባቸው ጊዜ አጥብቀው ተከራክረው፣ ጎን ለጎን ያሉ ባለሱቆች በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው የፕላኑን ከፍታ የሚያሟላ ሕንፃ ራሳቸው እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። በብዙ ተራዎች የቆርቆሮ ሱቆች በፎቅ የተተኩት በዚህ መንገድ ነው። ክርክሩ በዚህ አልቆመም፤ ወደ ማኅበሩ ውስጥ ገባ እንጂ። ምድር ቤቱ ለማን ይድረስ፣ የቦታው ስፋት ወይስ የገንዘቡ መዋጮ ይቆጠር፣ የቀበሌ ሱቅ ተከራይ ከባለይዞታ እኩል አባል ይሁን ወይስ አይሁን የሚሉት ጥያቄዎች ማኅበራቱን ለረጅም ጊዜ አከራክረዋል። ያም ሆኖ ጎረቤታሞቹ የተጣሉት በራሳቸው ሕንፃ ላይ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ከተነሣባቸው ቦታዎች የሚለያቸው ነጥብ ነው።

ሰፈራቸው ሳይነሣ አዲስ ሕንፃ በጎናቸው የበቀለባቸው ነዋሪዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅሬታ አላቸው። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ብዙ ሜትር ወደ ታች ሲቆፈር መሠረት የሌለው የጭቃ ቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ፎቁ ሲያልቅ የጥዋት ፀሐይ ይቀራል፤ ግቢው ከላይ ከሚመለከተው መስኮት የሚሰወር አይሆንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንኛውም ግንባታ በፈቃድ እንዲሠራና በሰውም ሆነ በአካባቢው ባሉ ግንባታዎች ላይ አደጋ እንዳያደርስ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚሰጠው በአስተዳደሩና በገንቢው መካከል በሚደረግ ሂደት ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ስለ ሕንፃው የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ አጥር ከታጠረና ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚቀረው አቤቱታም ስለ ሕንፃው መሠራት አለመሠራት መሆኑ ቀርቶ ስለ ጉዳት ካሳ ይሆናል።

በአራዳ በዚህ ሁሉ ላይ የቅርስ ጥያቄ ተጨምሯል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአርመንና በህንድ ግንበኞች እጅ የተሠሩት፣ የእንጨት በረንዳና የተጌጠ ክፈፍ ያላቸው ቤቶች የከተማዋን የሥነ ሕንፃ ታሪክ የያዙ ናቸው። ነገር ግን ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎቹ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆነው ስለተከፋፈሉ፣ ቅርሱን የሚያደንቀው ሰው በውስጡ አይኖርም፣ በውስጡ የሚኖረውም ሊያድሰው መብትም አቅምም የለውም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት፣ ማለትም ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ የሚካሄደው የማስፋትና የማስዋብ ሥራ፣ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ሲጀመር፣ ከዚያም በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ሲቀጥል፣ ይህ የቆየ ልዩነት እንደገና ወጣ። አስተዳደሩ ለኑሮ የማይመቹ ቤቶችን በተሻለ መተካቱንና ከተማዋን ማዘመኑን ሲያስረዳ፣ ሌሎች ደግሞ የሥራው ፍጥነት ነዋሪው ተመካክሮ የሚወስንበት ጊዜ አልሰጠም፣ የሰፈሩም ታሪክ ተነቅሏል ሲሉ ተከራክረዋል።

ሕጉ ራሱ ነዋሪውን ያለማማከርን ጉድለት ከዚያ በፊት በከፊል መቀበሉ ሊታለፍ አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎች አስቀድመው እንዲመከሩ፣ ባለይዞታዎችም በተናጠል ወይም በቡድን በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን የማልማት ቅድሚያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል አድርጓል። መርካቶ በትግል ያገኘው መብት በዚህ መልክ በአዋጅ መጻፉ፣ ጉርብትናም ዋጋ ያለው ነገር ሆኖ በሕግ መቆጠሩ ከአፄ ምኒልክ የመሬት ሕግ ወዲህ ያልነበረ ነገር ነው። ሆኖም ቅድሚያው የተሰጠው ለባለይዞታ ነው፤ ካሳውም የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ነው። እድሩ፣ ማኅበሩና በአንድ ቧንቧ የሚቀዱት ጎረቤታሞች በአንድነት ስለ ሰፈራቸው የሚሰሙበት ሕጋዊ መድረክ ገና አልተበጀም። በነባር ሰፈሮች የሚነሣው የግንባታ ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ መልኩን እየለዋወጠ የቀጠለው፣ እያንዳንዱ ዘመን ለቦታው አዲስ ወረቀት ሲያወጣ ለጉርብትናው ግን ስላላወጣ ነው።