ሰነፍ ቆሎ ፍለጋ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ሰሜን ሸዋ፣ አያቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቡና ተፈላና ቆሎ ቀረበ። አንድ ጭብጥ ዘግኜ ስቀምሰው የልጅነቴ ጣዕም የለውም። ያኔ የምንበላው ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን፣ ገለባው ብዙ ሳያደክም የሚለቀውን ገብስ ነበር።

«እማማ፣ ሰነፍ ቆሎው የት ሄደ?»

«ዘሩ ጠፋብን ልጄ። አንድ ዓመት በረዶ መታው፤ የተረፈችውንም በላናት። ከጎረቤት እንዳልበደር፣ ሁሉም ምርጥ ዘር ስንዴ ነው የሚዘራው።»

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የመጣልኝም ጥያቄ የሙያዬ ነው፦ ባክአፕ የለውም እንዴ? አዲስ አበባ ስመለስ ማንበብ ጀመርኩ።

ባክአፕስ አለ። ታሪኩ ግን ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችን መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ በበቅሎ እየዞረ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል ቆጠራት። ያ ሁሉ እህል በእጁ ያለፈ ሰው በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜም አንዳንድ ባልደረቦቹ የዘር ክምችቱን ሳይነኩ በረሃብ አልቀዋል።

ዘሩ ይህን ያህል ዋጋ ነበረው ወይ? የካሊፎርኒያን ገብስ ቫይረስ ሲያጠቃው መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ዘረመል ነው። የሆነ ገበሬ፣ የሆነ ጎታ ውስጥ፣ ለዘመናት ያቆየው ገብስ ማለት ነው።

እኛ የራሳችንን የዘር ማዕከል ያቋቋምነው እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመኖች እርዳታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዶክተር መላኩ ወረደ መሩት። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ፣ ዘሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ ማዕከሉ ይሰበስብ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ዘር በገባበት ቀን ይቆማል። ውጭ ዝናቡ ይለወጣል፤ ዋጉም ይለወጣል። ማሳ ላይ ያለ ዘር ግን አብሮ ይለወጣል። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ኮድ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አልነሳም ሲል ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ስለዚህ መላኩና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሸዋና ወሎ ውስጥ፣ የአገሩን ዘር በገበሬው ማሳ ላይ ከገበሬው ጋር ይመርጡና ያባዙ ጀመር። በ1989 መላኩ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ገበሬውም ቢሆን ሥራውን ያውቀዋል። የትግራይ ገበሬ ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ሐንፈጽ ይባላል። ዝናብ ሲያጥር ገብሱ ያተርፈዋል፤ ሲመች ስንዴውን ይጨምራል። እኔ ይህን ለመማር አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ፦ ሁሉንም ነገር አንድ ሰርቨር ላይ አትጫን።

ምርጥ ዘርን ልራገም አልችልም። አጎቴ ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ስንዴ ነው። ግን በየዓመቱ ማዳበሪያ፣ በየጊዜውም አዲስ ዘር መግዣ ያስፈልገዋል፤ እማማ ደግሞ ዘራቸውን ከራሳቸው ማሳ፣ ዛላ ዛላውን እየመረጡ ነበር የሚያስቀሩት። ሰነፍ ቆሎው ሲጠፋ ያ ዓይንም ሥራ ፈታ።

በቀደም እማማ ደወሉ። ከሁለት ቀበሌ ማዶ አንዲት ሴት ዘንድ አንድ ጣሳ ሰነፍ ቆሎ አግኝተዋል።

«ልቁላልህ ወይስ ልዝራው?» አሉኝ።

አፌ ውሃ ሞላ። «ይዝሩት እማማ» አልኳቸው።

ሰኔ ላይ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።