ከይፋት እስከ ዘይላ፦ በገመድ የተሰፉ ጀልባዎች

ቀወት ላይ ቆሞ ባሕር አይታይም፤ ታሪካችን ግን ባሕሩን ያውቀዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋት ሱልጣኔት እስከ ዘይላ ወደብ ይዘልቅ ነበር። ከደጋው የተነሳው ጭነት በግመል ወርዶ ዘይላ ሲደርስ በሸራ የሚሄዱ የእንጨት ጀልባዎች ይቀበሉት ነበር።

በዚያው ዘመን ዘይላን ያየው ኢብኑ በጡጣ ስለ የመንና የህንድ ጀልባዎች ሲጽፍ፣ ሳንቃቸው በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፋ እንደነበር ይነግረናል። በሚስማር የተመታ ጀልባ ዓለት ሲነካው ይሰበራል፤ የተሰፋው ግን እሺ ብሎ ያልፋል። ሞተር የለም፤ ነፋሱ እስኪዞር መታገስ ነው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ ሲገደሉ ልጆቻቸው ባሕሩን ተሻግረው የመን ተጠለሉ። ኋላም ተመልሰው ግዛታቸውን መልሰው አቋቋሙ። ከዘይላ ፊት ለፊት ያለው ደሴት ዛሬም በሰዕደዲን ስም ይጠራል። ያ የነፋስ መንገድ ባይኖር ኖሮ የወላስማ ቤት ታሪክ እዚያው ባበቃ ነበር።