የጠባይ ትምህርት በቆሎ ተማሪ ቤት

የቤተ ክህነት ትምህርት በንባብ፥ በዜማ፥ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መከፈሉ የታወቀ ነው። በነዚህ ቤቶች ግን ስም ሳይወጣለት የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ነበረ፤ እስከ ዛሬም አለ። ይኸውም ከሰው ጋራ መኖርን፥ ቍጣን መግታትንና ነቀፌታን መቀበልን የሚያለማምድ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ትምህርት በምን መንገድ ይሰጥ እንደ ነበረ ነው።

አንደኛው መንገድ ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ነው። የኔታ ብቻቸውን ሁሉን ሊያዳርሱ ስለማይችሉ፥ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ያስጠናል። በዚህም ታላቁ ቶሎ ያልገባውን መታገሥ ይለምዳል፤ ታናሹም ሳያፍር መጠየቅን ይማራል።

ሁለተኛው የኑሮው አኳኋን ነው። ቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶና አኮፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን፥ ተማሪ እስከ ሆነ ድረስ ልመናው ነውር አይሆንበትም። በሰው ደጅ ቆሞ መጠበቅን፥ «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ባዶ እጁን መመለስን፥ ያገኘውንም ቍራሽ ላላገኘው ባልንጀራው ማካፈልን ይማርበታል። በወሎም ደረሶች በአካባቢው ሕዝብ ምጽዋት እየኖሩ ይማሩ ስለ ነበረ፥ ይህ ልማድ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛው የሚገኘው እንደ ጎጃሙ ዋሸራ ባሉት የቅኔ ቤቶች ነው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይቈይና በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩም ባልንጀሮቹ እየሰሙ ስሕተቱን ያቃኑለታል። የደከመበት ቅኔ በአንድ ቃል ሲፈርስበት ሳያኰርፍ በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ የሚመጣ ተማሪ፥ ከሰዋስው በላይ ያተረፈው ነገር አለ።

ጕድለቱን ግን መሸሸግ አይገባንም። በትሩ ጽኑ ስለ ነበረ፥ ፍርሃት ትሕትና እየመሰለ የታየበት ጊዜ አለ። ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ትምህርት ርቀው ኖረዋል። ስለዚህ ያለፈው እንዳለ ይመለስ አንልም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ የተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት፥ ጠባይን ራሱን የቻለ የትምህርት ዐይነት አደረገው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ ተባለ፤ ከ1974 አብዮት በኋላ የፖለቲካ ትምህርት ገባ፤ ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ፤ በ2022 በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ለታናናሾቹ ክፍሎች ተመለሰ። መንግሥት በተለወጠ ቍጥር ስሙም መጽሐፉም አብሮ ተለወጠ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ጠባይ ይበልጥ የሚታነጸው ስለ እርሱ በሚነገረው ቃል ሳይሆን ተማሪዎች እርስ በርሳቸው በሚኖሩበት ሥርዓት መሆኑን ነው። ስለ ትዕግሥት የቀረበለትን ጥያቄ አሟልቶ መልሶ ሙሉ ማርክ ያገኘ ልጅ፥ ወዲያው ንባብ በተሳሳተው ጓደኛው ላይ ሊሥቅ ይችላል። ስድስተኛ ክፍል የደረሰው አንደኛ ክፍል ያለውን በየሳምንቱ ቢያስጠና፥ ስሕተትም በጉባኤ ያለ ፌዝና ያለ በትር ቢታረም፥ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም ሳያስፈልግ ከአባቶች ቤት የሚበጀውን ወስደን የሚጐዳውን መተው እንችላለን።