ፈንጣጣን ከምድረ ገጽ ያጠፋው ክትባትና አመራር

የዓለም ጤና ጉባዔ ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ መጥፋቱን በይፋ ያወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1980) በጄኔቫ ባካሄደው 33ኛ ጉባዔው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ 300 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመተው ይህ በሽታ፣ በሰው ልጅ ጥረት ሙሉ በሙሉ የጠፋ ብቸኛው የሰው በሽታ ነው።

ክትባቱ የተገኘው ከአዋጁ 184 ዓመታት በፊት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1796 ከአንዲት ላም አላቢ እጅ ላይ ከወጣ የላም ፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስደው አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከተቡ። ልጁም በኋላ ከፈንጣጣ ተጠብቆ ተገኘ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1967 እንኳ በዓመት ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች በበሽታው ይያዙ፣ ሁለት ሚሊዮን ያህሉም ይሞቱ ነበር። መከላከያው በእጅ እያለ በሽታው ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ የጎደለው ነገር አደረጃጀትና አመራር እንደነበር ያመለክታል።

በሽታውን የማጥፋቱን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም ጤና ጉባዔ ያቀረቡት የሶቭየት ኅብረቱ ቪክቶር ዝዳኖቭ ናቸው። የተጠናከረው ዘመቻ በ1967 ሲጀመር መሪነቱ ለአሜሪካዊው ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰን ተሰጠ። ሙቀትን የሚቋቋም የደረቀ ክትባትና ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ መርፌ በመገኘታቸው ጥቂት ሥልጠና ያገኘ ሠራተኛ ሁሉ በገጠር መከተብ ቻለ። በናይጄሪያ ክትባት ያጠራቸው ዶክተር ዊሊያም ፌጊ ደግሞ ሁሉን ሰው ከመከተብ ይልቅ ሕመምተኛውን ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መከተብ በሽታውን እንደሚገታ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የዘመቻው ዋነኛ ሥራ አሰሳ ሆነ።

ኢትዮጵያ ዘመቻውን ዘግይተው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ነበረች። ለወባ ማጥፊያ ሥራ ቅድሚያ የሰጠው መንግሥት ለፈንጣጣ የሰው ኃይልና ገንዘብ ለመመደብ አመንትቶ ስለነበር መርሐ ግብሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ ነው። በ1970 በአገሪቱ ሪፖርት የተደረጉት ሕሙማን 722 ብቻ ሲሆኑ፣ በ1971 ቁጥሩ ከ26 ሺህ በላይ ሆነ። በሽታው በአንድ ዓመት ይህን ያህል አልተስፋፋም፤ ቀድሞ ያልተቆጠረው መቆጠር ጀመረ እንጂ። የቁጥሩ ማሻቀብ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ዘንድ እንደ ውድቀት ሊታይ ይችል ነበር፤ በዚህ ዘመቻ ግን የመጀመሪያው የሥራ ውጤት ነበር።

መርሐ ግብሩን በኢትዮጵያ በኩል አቶ የማነ ተከስተ ሲመሩ፣ ብራዚላዊው ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ የመስክ ሥራውን አስተባብረዋል። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ስለሚኖር ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ተጉዘዋል፤ ቆይቶም ሄሊኮፕተሮች ተመድበዋል። በአገሪቱ በብዛት የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ገዳይነቱ አነስተኛ በመሆኑ ክትባቱን ለመቀበል የማይቸኩሉ ነበሩ። በደጋው አካባቢም ከሕመምተኛ ቁስል እየወሰዱ ጤነኛውን በሚከትቡ ባህላዊ ከታቢዎች የሚተማመኑ ሰዎች ተቃውሞ አሰምተዋል። የ1966 ዓ.ም. አብዮትና በኦጋዴን የነበረው አለመረጋጋት ሲታከልበት ሠራተኞች በታጣቂዎች እስከ መታገት ደርሰዋል። ሥራው ግን አልተቋረጠም።

በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ሕመምተኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በወቅቱ አጠራር በባሌ ክፍለ ሀገር፣ ኤልከሬ አካባቢ፣ ዲሞ በተባለች መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ሕፃን ናት። በሽታው ድንበር ተሻግሮ በሶማሊያ ቆየ። በተፈጥሮ መተላለፊያ መንገድ በዓለም የመጨረሻው ሕመምተኛ የሆኑት የመርካ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማኦ ማሊን ሽፍታው የታየባቸው ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር። እሳቸውም ተርፈው በኋለኛው ዘመናቸው ለፖሊዮ ክትባት ሲቀሰቅሱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2013 አርፈዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የፈጀ አሰሳ ተካሂዶ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ከፈንጣጣ ነፃ መሆናቸው ጥቅምት 15 ቀን 1972 ዓ.ም. በናይሮቢ ተገለጸ። ዶክተር ደ ኳድሮስም በኢትዮጵያ ያካበቱትን ልምድ ይዘው በአሜሪካ አህጉር የፖሊዮ ማጥፋት ሥራን መርተዋል፤ አህጉሩም እ.ኤ.አ. በ1994 ከፖሊዮ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል።