ቢጫ ዓይን ሁሉ የሞት ፍርድ አይደለም

የጉበት ካንሰር የያዘው ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሐኪሙም ቤተሰቡም ለረጅም ዘመን የሚደርሱበት መደምደሚያ አንድ ነበር፦ «ጉበቱ አልቋል።» ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና አይታሰብም፤ ታካሚው ወደ ቤቱ ይሸኛል። በኢትዮጵያ ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» የሚለው ይህ ቢጫነት ግን ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ይህን ለይቶ ለማወቅ የቀዶ ሕክምናው ዓለም ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ጉበት ሐሞትን ያመነጫል። ሐሞቱ በቀጫጭን ቱቦዎች ተሰብስቦ በአንድ ዋና ቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል። ጉበቱ ራሱ ሲደክም ሰው ቢጫ ይሆናል፤ ቱቦው ሲዘጋም ቢጫ ይሆናል። በጥቂት የጉበት ካንሰር ታካሚዎች ዕጢው ቱቦው ውስጥ ገብቶ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። ምንጩ አልደረቀም፤ የተደፈነው ቦዩ ነው።

ጉበትን መቁረጥ ራሱ ሲፈራ የኖረ ሥራ ነው። ደም የሞላበት አካል ስለሆነ ታካሚው ጠረጴዛው ላይ ደሙ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1888 ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡክ በርሊን ላይ የአንዲትን ሴት ጉበት ከፊል ቆርጦ አወጣ። ደም ስለፈሰሳት ሆዷን እንደገና መክፈት ግድ ሆነበት፤ ሴትዮዋ ግን ተረፈች።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የመጣው በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ሃኖይ ነው። ቬትናማዊው ቶን ታት ቱንግ በ1930ዎቹ የአንድ አስከሬን ጉበት ሲመረምር የሐሞት ቱቦዎቹ ውስጥ ወስፋት ገብቶ አገኘ። የቱቦዎቹን መንገድ እየተከተለ ከ200 በላይ ጉበቶችን በእጁ ፈልፍሎ አጠና። ፈረንሳዊው ክሎድ ኩይኖ ደግሞ በ1950ዎቹ ጉበትን በስምንት ክፍል የሚከፍለውን ካርታ አወጣ። ቀዶ ሐኪሞች የት እንደሚቆርጡ ያወቁት በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

ቱቦ ውስጥ የገባው ካንሰር በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1947 ነው። በ1975 ደግሞ የታይዋኑ ቀዶ ሐኪም ሊን ቲየን-ዩ እና ባልደረቦቹ ቢጫነት የሚያመጣውን ይህን ዓይነት የጉበት ካንሰር ለብቻው ስም ሰጥተው ለዩት። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ሲስፋፉ ደግሞ ሆድ ሳይከፈት መዘጋቱን ማየት ተቻለ።

ዛሬ አሠራሩ ይታወቃል። አስፈላጊ ከሆነ በመጀመሪያ የታቆረው ሐሞት በቀጭን ቱቦ እንዲፈስ ይደረግና ጉበቱ ያገግማል። ከዚያ ዕጢው ያለበት የጉበት ክፍል ይቆረጣል፤ ውታፉም ከቱቦው ይወጣል። ብዙ ጊዜ ውታፉ ከቱቦው ግድግዳ ጋር አጥብቆ ስለማይጣበቅ ተስቦ ይወጣል። ዋናውን ቱቦ አብሮ መቁረጥ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ግን ሐኪሞች እስካሁን ይከራከራሉ።

ተስፋው ምን ያህል ነው? ቱቦ ውስጥ የገባ ካንሰር ካልገባው የከፋ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶ የሚመጣበትም ጊዜ ብዙ ነው። ካንሰሩ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ከወረረ ደግሞ ተስፋው ይበልጥ ይጠባል። ሆኖም ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው መካከል ከአምስት ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ቢጫነቱን ብቻ አይቶ ማሰናበት እነዚህን ሰዎች ሳይሞክሩ መቅበር ነው።

የታሪኩ ሌላው ገጽ ያለው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ ነው። ሊን የሠራባት ታይዋን በሄፓታይተስ ቢ ክፉኛ የተጠቃች አገር ነበረች፤ ከጉበት ካንሰር ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱም ይህ ቫይረስ ነው። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን መከተብ ጀመረች፤ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰርም ቀነሰ። ቫይረሱ በሰፊው በሚገኝባት ኢትዮጵያ ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ፣ ማለትም የዛሬው አዋቂ፣ አብዛኛው በሕፃንነቱ አልተከተበም።

ስለዚህ ለዚህ ትውልድ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። ጤነኛ ሳለ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ማድረግ አንዱ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ደግሞ «ጉበቱ አልቋል» ከመባሉ በፊት «ቱቦው ተዘግቶ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅለት ሐኪም ያስፈልገዋል።