መሬት ያልነበረው ሰው ሥራ

በአገራችን የሙስሊሙ ታሪክ ሲነሣ ነጋዴነቱና ሸማኔነቱ አብሮ ይነሣል። ሙያው ግን በምርጫ ብቻ የተያዘ አልነበረም። ጎጃምን ጨምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት እንዳይኖረው በመደረጉ፣ የቀረለትን መተዳደሪያ ያዘ።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዮሐንስ 1ኛ በጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ባዘዙ ጊዜ፣ እስላም ቤት የተባለው ሰፈር የነጋዴና የሸማኔ መንደር ሆነ። በእኛም ጎጃም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ ቡና የሚመጣበት የባሶ ገበያ በሙስሊም ነጋዴዎች የታወቀ ነበር። ሆኖም ሸማውን ለብሶ የሚኮራው ሰው፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይንቀው ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ላይ ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል የመሬት ባለቤትነትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመቀጠር መብት ይገኙበታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን አጥር አፈረሰው።

የከተማው ድሃ ግን ሌላ አጥር ይጠብቀዋል፤ ይኸውም መነሻ ገንዘብ ማጣት ነው። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ የሚያስይዙት ንብረት የሌላቸው ሰዎች እርስ በርስ ተዋሰው የመበደር ዕድል አገኙ። ብድሩ ወለድ ስላለበት ግን ከእኛ ወገን ስለ ሃይማኖቱ ብሎ የቀረ አለ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሊለምናቸው የመጣውን ሰው እንዴት እንደረዱት እናስታውስ። ቤት የቀሩትን ምንጣፍና ዋንጫ አስመጥተው በጨረታ በሁለት ድርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት፤ እጀታውንም በገዛ እጃቸው አስገቡለት። ሰውዬው እንጨት እየለቀመ ሸጦ ከ15 ቀን በኋላ አሥር ድርሃም ይዞ ተመለሰ።

አባቶቻችን የጎደላቸው ትጋት አልነበረም፤ መሬትና ክብር ነበር። ዛሬም በመራዊ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ሥራ ፈትቶ ለቆመው ወጣት፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰደቃችን ለአንድ ቀን እንጀራ ብቻ አይሁን። ያለ ወለድ በቀርድ ሐሰን የሚሰጥ የስፌት መኪና ወይም የአናጢ መጋዝ ለእርሱ መጥረቢያው ነው። እጀታውን የምናስገባለት ግን እኛ ነን።