የኋላው ሁሉ ከፋይ ነው? ከሚዋጋ በሬ እስከ አራት መኪና ግጭት

«ከኋላ የገጨ ይከፍላል።» መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሕግ ናት። ሁለት መኪና ሲጋጭ አብዛኛውን ጊዜ ትሠራለች። ችግሩ የሚመጣው መኪኖቹ ሦስት አራት ሆነው እንደ ባቡር ፉርጎ ሲደራረቡ ነው። መሀል ያለው ሹፌር ለፊተኛው ገጪ ነው፣ ለኋለኛው ደግሞ ተገጪ። ታዲያ እሱ ይክፈል ወይስ ይከፈለው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህንኑ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። ዝናብ ባረጠበው ቁልቁለት ላይ አራት መኪኖች ተደራርበው እሱ ከፊት ሦስተኛው ነበር። «ቆሜ ነበር መምህር፤ ገፍተውኝ ነው» ይላል። ከፊቱ የነበረው ባለመኪና ግን «እኔን የነካኝ ያንተ መኪና ነው፣ ክፈል» ብሎ ይዞታል። መኪናዋ የቤተሰቡ እንጀራ ናት፤ ጋራዥ ከገባች ወር አልፏታል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ለዓመታት ያስተማርኩት የሕግ ታሪክ ነው። ይህች ጥያቄ ግን ታሪክ አላት፤ ያውም ከመኪና በፊት የሚጀምር፣ አራት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ1945 እና በ1947 ባግዳድ አጠገብ ቴል ሐርማል በሚባል ስፍራ ሁለት የሸክላ ጽላቶች በቁፋሮ ተገኙ። የተጻፈባቸው ኤሽኑና የተባለች የጥንት ከተማ ሕግ ነው፤ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1770 ገደማ ይገመታል። ከአንቀጾቹ አንዱ ስለ በሬ ነው። የአንዱ ሰው በሬ የሌላውን በሬ ወግቶ ከገደለ፣ ሁለቱ ባለቤቶች የቆመውን በሬ ዋጋና የሞተውን በሬ ሥጋ እኩል ይካፈላሉ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 መጨረሻ ላይም ይኸው ፍርድ አለ። ኦሪት ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ በሬው ተዋጊ መሆኑ ቀድሞ ይታወቅ ከነበረና ባለቤቱ ካልጠበቀው፣ መካፈሉ ቀርቶ ሙሉውን ይተካል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ፍርዱ ሁለት ደረጃ አለው። መነሻው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ጥፋት ሲታወቅ ግን ግማሽነቱ ይፈርሳል። ለምን ከግማሽ ተነሱ? ሜዳ ላይ ሁለት በሬዎች ሲዋጉ የቱ እንደጀመረ ብዙ ጊዜ ያየ ሰው የለም፣ በሬ ደግሞ ቃሉን አይሰጥም። እውነቱን ማወቅ ሲያቅት ኪሳራውን መካፈል ይቀራል። ማንም ሙሉ ፍትሕ አያገኝም፤ ማንም ግን ብቻውን አይከስርም። የእኛም አገር አውጫጭኝ የዚህ ሐሳብ ዘመድ ነው። ጥፋተኛው እስኪወጣ ያገሬው ሰው ይሰበሰባል፤ ካልወጣ ካሳውን በጋራ ማዋጣት ይመጣል።

ከሜዳ ወደ ባሕር እንሂድ። በመካከለኛው ዘመን የአትላንቲክ መርከበኞች የሚዳኙበት፣ ኦሌሮን በምትባል የፈረንሳይ ደሴት ስም የሚጠራ ሕግ ነበር። መልሕቋን ጥላ የቆመችን መርከብ ሌላ መርከብ መጥታ ብትመታት፣ የመቺዋ ሠራተኞች ሆን ብለው እንዳላደረጉት ከማሉ ጉዳቱ ለሁለት ይከፈላል። ምክንያቱን ሕጉ ራሱ ይነግረናል፣ እኔን ሁሌም የሚገርመኝም እሱ ነው። የቆመችው መርከብ ሁልጊዜ ሙሉ ካሳ የምታገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያረጀች መርከብ ያለው ሰው ሆን ብሎ በጥሩዎቹ መርከቦች መንገድ ላይ ያቆማት ነበር፤ ግማሹን እንደሚከስር ካወቀ ግን ገለል ያደርጋታል። ዛሬ ያለ ምክንያት ፍሬን ይዞ ከኋላው የሚመጣውን አስገጭቶ ካሳ የሚፈልግ ሹፌር አለ ሲባል «ዘመኑ ከፋ» እንላለን። የኦሌሮን ሰዎች ያን ሰውዬ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር።

ግማሽ በግማሽ ግን የሚያምበት ጊዜ አለ። ሁለቱም መርከቦች ጥፋት ሲኖርባቸው፣ ትንሽ ያጠፋውም ብዙ ያጠፋውም እኩል ይከፍል ነበር። ይህ ፍትሕ አይደለም ተባለና እ.ኤ.አ. በ1910 ብራስልስ ላይ በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፋፈሉ በጥፋት መጠን ሆነ፤ መጠኑን መለየት ካልተቻለ ብቻ ወደ እኩል ይመለሳል። አሜሪካ ግን በአሮጌው ደንብ ቆየች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የተወው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በዚያ ጉዳይ የጥፋቱ ድርሻ 75 እና 25 በመቶ ሆኖ ሳለ በአሮጌው ደንብ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሊከፍሉ ነበር።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሁለት ነው፤ ሁለት በሬ፣ ሁለት መርከብ። ሰንሰለት ሲሆንስ? የእንግሊዝ ሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጉዳይ አለች። እ.ኤ.አ. በ1770 በሱመርሴት ግዛት ሚልቦርን ፖርት በምትባል ከተማ አንድ ሰው የተለኮሰ ርችት ወደ ገበያው አዳራሽ ወረወረ። ርችቱ ሻጭ ፊት ወደቀ። አንዱ ሰው ብድግ አድርጎ ወረወረው፤ ሌላ ሻጭ ዘንድ ሲደርስ እሱም አንስቶ ወረወረው፤ በመጨረሻ አንድ ልጅ ፊት ላይ ፈንድቶ አንድ ዓይኑን አጠፋው። የነካው የመጨረሻው ወርዋሪ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1773 በአብላጫ ድምፅ ተጠያቂ ያደረገው የመጀመሪያውን ነው። መሀል ያሉት ራሳቸውን ለማዳን በደመ ነፍስ ያደረጉት እንጂ በነፃ ፈቃዳቸው የጀመሩት ነገር የለም ተባለ።

የተማሪዬ ክርክር ይኸው ነው እንግዲህ። እንዲያውም የእሱ ይብሳል፤ መሀል ያሉት ሰዎች እጃቸውን አንስተዋል፣ እሱ ግን ፍሬን ይዞ ቆሞ ነው የተገፋው።

አሁን ወደ ራሳችን ሕግ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ ተረቅቆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥር 2081 ባለንብረቱን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ «እኔ ጥፋት የለብኝም» ማለት ብቻ አያድነውም። ከዚያ ቁጥር 2084 ይመጣል። ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል፤ እያንዳንዱ ባለንብረት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይችላል። አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ግን ይህ ግምት ይቀራል።

በሬዎቹን አያችኋቸው? መነሻው ግማሽ፣ ጥፋት ሲረጋገጥ ሙሉ። ዳቪድ ከኦሪት ቀዳው አልልም። ግን ሁለት ነገሮች ሲጋጩና እውነቱ ሲደበቅ፣ ሕግ አውጪዎች ዘመናትን ተሻግረው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ «ከኋላ የገጨ ይከፍላል» የሚለው ቃል በቃል ሕጉ ላይ የለም። ከየት መጣ? ከማስረጃ ነው። የትራፊክ ደንብ ተከታዩ ሹፌር በቂ ርቀት ጠብቆ እንዲነዳ ያዛል። ቁጥር 2035 ደግሞ በግልጽ የተደነገገ ሕግ መጣስ በራሱ ጥፋት ነው ይላል። ከኋላ የገጨ ሰው ርቀት አልጠበቀም ማለት ቀላል ስለሆነ ነው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 100 ላይ ደግሞ 28 ሜትር። እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ድረስ ማለት ነው፣ መኪናው ገና መቆም አልጀመረም።

እንግዲህ ሕጉ «ሁለት» ብሎ ነው የጻፈው። ሦስተኛና አራተኛ መኪና ሲጨመር ዝም ይላል። እኔ የሚታየኝ መንገድ ግጭቱን ጥንድ በጥንድ መፍታት ነው። ጥያቄው «ማን ማንን ነካ?» ብቻ ከሆነ እንሳሳታለን፤ «ስንት ምት ነበር? የቱ ቀደመ?» መባል አለበት።

መሀለኛው ቆሞ ሳለ የኋለኛው መጥቶ ገፍቶት ከሆነ ጥፋቱ የኋለኛው ነው፤ የርችቱ ፍርድ። መሀለኛው ራሱ መጀመሪያ የፊቱን ገጭቶ ከዚያ ከኋላ ከተመታ ግን ሁለት አደጋ አለ፦ ለመጀመሪያው እሱ፣ ለሁለተኛው የኋለኛው ይጠየቃል። ፊተኛው ያለ ምክንያት ድንገት ቆሞ ከሆነ ወይም የፍሬን መብራቱ የማይሠራ ከሆነ እሱም ከነገሩ አያመልጥም። ሁለቱ ባንድነት ላደረሱት አንድ ጉዳት ደግሞ ቁጥር 2155 አለ፤ ተጎጂው ከሁለቱም መጠየቅ ይችላል፣ እነሱ በኋላ እርስ በርስ ይተሳሰባሉ።

ቅደም ተከተሉን የሚናገረው ማነው? አንደኛ፣ ፊተኛው መኪና ውስጥ የነበረ ሰው። «አንዴ ነው የተመታነው ወይስ ሁለቴ?» አንዴ ከሆነ መሀለኛው ተገፍቶ የመጣ ይመስላል፤ ሁለቴ ከሆነ ቀድሞ ገጭቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ብረቱ። ፍሬን የያዘ መኪና አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል፤ ስለዚህ የተጨራመተው ቦታ ከፍታ ይናገራል። ከኋላ ክፉኛ ተጎድቶ ከፊት ትንሽ የተጫረ መኪና አንድ ታሪክ አለው፣ ከፊት ተደምስሶ ከኋላ ትንሽ የተነካ ሌላ ታሪክ አለው። ሦስተኛ፣ መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት የተነሳ ፎቶና የትራፊክ ፖሊስ ያነሳው ንድፍ።

ለተማሪዬ የጻፍኩለትም ይህንኑ ነው፦ የፊተኛዋን መኪና ተሳፋሪዎች ፈልግ፣ ጋራዡ ከመጠገኑ በፊት ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሳ፣ ጠበቃ አማክር፣ አትዘግይ። ቁጥር 2143 ለካሳ ክስ የሚሰጠው ጊዜ በመርህ ደረጃ ሁለት ዓመት ነው፤ በሽምግልና ስንመላለስ ሁለት ዓመት እንደ ቀልድ ነው የሚያልፈው።

የግል አስተያየቴን ልጨምር። ሰው እርስ በርሱ «ተካፍለን እንለያይ» ሲል ደስ ይለኛል፤ ሽምግልናችን የቆመው በዚህ ነው። ግን ግማሽ በግማሽ የተፈጠረው ማወቅ ላልተቻለበት ጊዜ ነው። ማወቅ እየተቻለ ለመገላገል ብቻ «ሁላችሁም አዋጡ» ከተባለ፣ ርቀቱን ጠብቆ የነዳው ሰው ያልጠበቀውን ሰው ዕዳ ተሸከመ ማለት ነው። በሬ ቃሉን መስጠት አይችልም ነበር፤ የተጨራመተ ብረት ግን ይናገራል፣ የሚጠይቀው ካገኘ።

ሹፌር የሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ስትቆሙ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጎማ መሬት ሲነካ እስኪታያችሁ ድረስ ቦታ ተዉ። ከኋላ ብትገፉ ያ ክፍት ቦታ ከፊተኛው መኪና ያድናችኋል።

ዳኞችና ጠበቆች የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ የሦስትና የአራት መኪና ጉዳይ እንዴት እንደምትፈቱት ከታች ጻፉልኝ። ውጭ አገር ያላችሁም የምትኖሩበት አገር ሕግ መሀለኛውን እንዴት እንደሚያየው አካፍሉን። ሰላም ግቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ።